ያለ ሞተር የሄደችው ሚኒባስ

እኔ የምናገረውን ሰው በግማሽ ቀንሶ ነው የሚሰማው። ሐይቁ ላይ ባጃጅ የሚያህል ዓሣ አየሁ ካልኩ፣ ሰሚው በልቡ መጀመሪያ ጎማዎቹን ይፈታል፣ ቀጥሎ ጣሪያውን ያነሳል፣ መጨረሻ ላይ ሳህን የማይሞላ የቆሮሶ ዓሣ ያደርገውና «ይሁን እስቲ» ብሎ ያልፈኛል። ተቀይሜ አላውቅም። እንደሚቀንሱ ስለማውቅ አስቀድሜ እጨምራለሁ። ገበያ እንዲህ ነው። መናኸሪያ አጠገብ ባለችኝ የመለዋወጫ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሾፌሮች ተራ እስኪደርሳቸው ተሰብስበው የሚስቁት፣ አንዳንዴም ሳያስቡት አምፖል ገዝተው የሚሄዱት በዚሁ አፌ ነው። ሚስቴ «አንተ የምትሸጠው ወሬ ነው፤ ፍሬን ሸራውን ምራቂ አድርገህ ነው የምትሰጠው» ትለኛለች።

ይህን አፍ ሀብት ነው ብዬ አምን ነበር። ሀብት ሳይሆን ዕዳ መሆኑን ያወቅሁት በቅርቡ ነው፣ ያውም ከዕዳው አንዲቱንም ሳንቲም እኔ ሳልከፍል።

ነገሩ የመጣው ወደ ሰሜን በሚወስደው የክፍያ መንገድ ላይ ገንዘብ ተቀባዮቹ ተነስተው ካሜራ በተተከለ ጊዜ ነው። ድሮ መውጫው ላይ አንዲት ልጅ መስኮት ውስጥ ተቀምጣ ትጠብቀን ነበር። ሰላም እንላታለን፣ ዝርዝር መልስ የላትም፣ እንጨቃጨቃለን፣ «ውድ ነው እኮ እህቴ» እንላታለን፣ እሷም «እኔ ምን ላድርግ» ትለናለች። አለቀ፣ ቀለል ይለናል። አሁን ልጅቷ የለችም። ካሜራው ሐይቁ ዳር የዓሣ ሆድዕቃ እንደሚጠብቀው ትልቅ ወፍ፣ እንደ አባ ኮዳ፣ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ ምሰሶ ላይ ቆሟል። ታርጋህን ያነባል፣ ስልክህ ላይ መልእክት ይልካል። በጊዜው ካልከፈልክ ቅጣት ይጨምራል። ቅጣቱንም ካልከፈልክ ትራፊክ ፖሊስ ከተማ ውስጥ ባገኘህበት ያስቆምህና ካቻቪቴ አውጥቶ ታርጋህን ይፈታና ለመንገዱ መሥሪያ ቤት ያስረክበዋል። ታርጋ የሌላት ሚኒባስ ደግሞ ደጅ ላይ የቆመች ቁም ሳጥን ናት።

ሱቄ ደጃፍ ላይ ሌላ ወሬ ጠፋ።

«መኪናውን ከሸጥኩት ዓመት አልፎኛል፤ መልእክቱ አሁንም የሚመጣው ለኔ ነው» ይላል አንዱ።

«የኔ ስልክ እኮ ፊደል አያወጣም፤ ሳጥን ሳጥን ብቻ ነው የሚልክልኝ» ይላል ሌላው።

«መክፈሉን እንክፈል፤ ግን ሲሳሳት ከማን ጋር ነው የምንከራከረው? ከምሰሶ ጋር?»

ይኼኛው እውነተኛው ጥያቄ ነበር። እኔ ግን ምን አልኩ? «እኔ ትናንት ቆሜ ተከራከርኩት። አንገቱን ነቀነቀ። ጥፋቴን አምኜ ይቅርታ ስጠይቀው ደግሞ ፎቶ አነሳኝና ለምን አልሳቅክም ብሎ ቀጣኝ» አልኩ። ሳቁ። ጠያቂውም ሳቀ። ጥያቄው እዚያው ሳቁ ውስጥ ሰጠመ። ያን ቀን አላስተዋልኩም።

ከሁሉም ዝም የሚሉት ጎረቤቴ ነበሩ። ጋሼ ነው የምላቸው። ከሱቄ ፊት ለፊት ካለችው ጠባብ መንገድ ውስጥ የሚኖሩ፣ በአንዲት አሮጌ ሚኒባስ ከሀዋሳ ይርጋለም የሚመላለሱ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ደግሞ ሽማግሌ የሆኑ ሰው ናቸው። አፍ የፈቱት በሲዳሙ አፎ ነው። አማርኛን የሚናገሩት የተዋሱትን ብርጭቆ እንደሚይዝ ሰው ነው፤ በሁለት እጅ፣ እንዳይሰበርባቸው። በሳቸው አፍ ትርፍ ቃል አይገኝም። እኔ በአንድ ጠዋት የምጨርሰውን ቃል እሳቸው ለልጅ ልጆቻቸው ሁሉ የሚያወርሱት ይመስለኛል።

አንድ ማለዳ ተሳፋሪ ሞልተው ከመናኸሪያ በር ሲወጡ ትራፊኩ አስቆማቸው። በክፍያ መንገዱ አልፈው አልከፈሉም፣ ቅጣቱም ተቆልሏል ተባሉ። ተሳፋሪው ወረደ። ታርጋው ተፈታ። አንዲት ሴትዮ ከነቅርጫታቸው እየወረዱ «ሽማግሌ ነኝ ይላሉ እንጂ፣ መንገዱንስ በነፃ ነው የሚሄዱት» ሲሉ እኔም ከሱቄ ሆኜ ሰምቻለሁ። ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት።

አሁን የምናገረውን እንዳትቀንሱብኝ እለምናችኋለሁ። መልእክቱ አለፉ ባለበት ቀን የጋሼ ሚኒባስ ጋራዥ ውስጥ ነበረች። ሞተሩ ወርዶ፣ ተበትኖ፣ እንደ ተገነጠለ በግ ጆንያ ላይ ተዘርግቶ ነበር። የሞተሩን ማሸጊያ፣ ጋስኬቱን፣ የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ። ልኩ ትክክል መሆኑን ላረጋግጥ ጋራዡ ድረስ ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ። ደግሞስ የሳቸው መስመር ወደ ደቡብ ነው፤ በዚያ በሰሜን መንገድ ምን ሊሠሩ ይሄዳሉ? ጋሼ ራሳቸው የደረሱበት ነገር ቀላል ነበር። በየክልሉ አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው መኪናዎች አሉ፤ የሚለያቸው ከቁጥሩ ጎን ያለው የክልሉ ምልክት ነው። ማሽኑ ቁጥሩን አንብቦ ምልክቱን ዘሎታል ማለት ነው። ፎቶውን የከፈተ ሰው ወዲያው ያየዋል። ግን መሥሪያ ቤቱ በሄዱ ቁጥር መስኮቱ ላይ ያለው ሰው «ሲስተሙ ነው ያለው፤ ሲስተም አይሳሳትም» እያለ ይመልሳቸዋል። ፎቶውን የከፈተላቸው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነው የመንገዱ ኃላፊዎች እዚሁ ሀዋሳ ሕዝቡን ሊያወያዩ ነው የተባለው። ከስብሰባው በፊት ጋሼ ሱቄ መጡ። አልተቀመጡም።

«አንተ አፍ አለህ» አሉኝ። «ቃሌን ውሰድልኝ።»

«ምን ልበልልዎ ጋሼ?»

«ፎቶውን ከፍታችሁ እዩ፤ መኪናዋ የሳቸው አይደለችም፣ በል።»

«ይህቺን ብቻ?»

«ይህቺን ብቻ። በእኛ ዘንድ ቃል የተቀበለ ሰው እንደተቀበለው ያደርሳል። አትጨምርበት።»

እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ተቀበልኩ። አንዲት ቃል! ለኔ ዓይነቱ ሰው አንዲት ቃል ማድረስ ማለት ለዝሆን ቃሪያ ማሸከም ነው ብዬ በልቤ ቀለድኩ። ልቤም እንኳ ዝም አይልም።

ስብሰባው መሃል ከተማ ባለ አንድ አዳራሽ ነበር። ፊት ለፊት ኃላፊዎቹ፣ ከፊታቸው የላስቲክ ውኃ፣ ከኋላቸው ሰፊ ባነር። እኛ ደግሞ ጭነት መኪና ሾፌሩ፣ ባለ ሚኒባሱ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህሩ፣ ሁላችንም በንዴት ቀይ ሚጥሚጣ መስለን ተቀምጠናል። መጀመሪያ የተነሳው ሾፌር ጮኸ። ሁለተኛው ጠረጴዛ መታ። መምህሩ የማን ስልክ፣ የማን ፎቶ የት እንደሚቀመጥ ጠየቀና «ተመዝግቧል» ተባለ። ዋናው ኃላፊ ፊቱ እየከበደ ሄደ፤ እስክሪብቶ አንስቶ መጻፍ ጀመረ። አሁን ሳስበው ያን ጊዜ አዳራሹ በትክክል ይሠራ ነበር። ንዴቱ ቦታውን ይዞ ነበር።

እኔ እጄን አወጣሁ። ማይኩ መጣ።

ጀማመሬ ደህና ነበር። «ዕድሉን ስለሰጣችሁኝ ቤቱን አመሰግናለሁ። እዚህ ያሉ አንድ አባት መኪናቸው ሞተሯ ወርዶ ጋራዥ ሳለች፣ በክፍያ መንገድ አልፋለች ተብለው ታርጋቸው ተፈቷል» አልኩ። አዳራሹ ፀጥ አለ። ኃላፊው ቀና ብሎ አየኝ። የቀረችው ያቺ አንዲት ቃል ነበረች። ፎቶውን ከፍታችሁ እዩ።

ያ ፀጥታ ነው ያጠፋኝ። እኔ ስናገር ሰው ዝም ብሎ አያውቅማ! ዝም ያለ ሰው ፊት ምን እንደሚደረግ አላውቅም። ወዲያው ከኋላ ወንበር ደንበኛዬ የሆነ ሾፌር «ኧረ ጀመረ ሰውዬው!» ብሎ ኪኪ አለ። ያቺ ኪኪታ አፌን እንደ ቁልፍ አዞረችው።

«እንዴት አለፈች አትሉም?» አልኩ። «መካኒኩ ምሳ እስኪወጣ ጠበቀች። ከዚያ ሞተሯን 'አንተ እዚሁ ዕቃ ጠብቅ' ብላው በጎማዋ ጫፍ ጫፍ እየረገጠች ወጣች። የሻሸመኔን አስፋልት ልብሷን ሰብሰብ አድርጋ አለፈች። ካሜራው ስር ስትደርስ ፀጉሯን አስተካክላ ፎቶ ተነሳች!» አዳራሹ ፈነዳ። «ክቡራን ኃላፊዎች፣ እኛ እስከዛሬ ምን ሆነን ነው ነዳጅ የምንሰለፈው? ሁላችንም ሞተራችንን እናውርድና በእናንተ ማሽን ኃይል እንንዳ!»

ኃላፊው በሶፍት ዓይኑን ጠረገ። አጠገቡ ያለችው ሴትዮ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ጠረጴዛ የመታው ሾፌር ራሱ ጭኑን እየመታ ይስቃል። የዚያ ሁሉ ሰው ንዴት ቫልቩ እንደተነቀለ ጎማ ፉሽ ብሎ ወጣ። እኔም ማይኩን እንደ ዋንጫ ይዤ ቆሜያለሁ። ያቺን ቃል ግን አላልኳትም። ረሳኋት።

ያን ጊዜ ጋሼ ከመሃል ረድፍ ተነሱ። ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«ይህ እውነት ነው» አሉ። «ጋራዥ የነበረችው መኪና የኔ ናት።»

ሳቁ ከበፊቱ ዕጥፍ ሆነ። ተመካክረን የመጣን መሰላቸው! አንዱ «ሞተር አልባው ራሱ መጣ!» ብሎ ጮኸ። ጋሼ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ይስቃሉ፤ ዝም ሲሉም ይስቃሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ። መድረኩን የሚመራው ሰው «ሰዓቱም ስለገፋ፣ እንዲህ በፈገግታ ብንለያይ ጥሩ ነው» አለ። አጨበጨብን። አዎ፣ እኔም አጨበጨብኩ።

ውጪ ሾፌሮቹ ትከሻዬን እየመቱ «አንጀታችንን አራስከው» አሉኝ። አንዱ ማክያቶ ጋበዘኝ። እየጠጣሁ ሳለ ጋሼ በማዶ ሲያልፉ አየሁ። ስኒውን ከጠረጴዛው በታች ዝቅ አደረግሁት፤ ማክያቶ መጠጣት ወንጀል ይመስል።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። ታርጋ የሌላትን ሚኒባስ መስታወት በጨርቅ እየወለወሉ ነበር። የትም የማትሄድ መኪና ለምን ትወለወላለች ብዬ አልጠየቅሁም።

«ጋሼ…» አልኩ።

«ጨመርክበት» አሉኝ።

«ጨመርኩበት።»

ጨርቁን ጨመቁት። «እንግዲህ ሂድና ቀንስ» አሉ።

መሥሪያ ቤቱ አብረን ሄድን። ጋሼ ኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀሩ፣ እኔ ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። ሰውየው ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነሳ። «እንዴ! እርስዎ ኖት! ይግቡ ይግቡ!» ከዚያ ወደ ሌላው ክፍል ተጣራ፣ «ኑ እስቲ፣ የሞተር አልባዋ ሰውዬ መጥተዋል!» ሁለት ሦስት ሠራተኞች ገና ሳልናገር ጥርሳቸውን አስጥተው በር ላይ ቆሙ።

«ጌታዬ» አልኩ፣ «የመጣሁት ቀልዴን ላነሳ ነው። ነገሩ እውነት ነው። ሞተሩ ወርዶ ነበር፤ ጋስኬቱን የሸጥኩት እኔ ነኝ። ፎቶውን ከፍታችሁ እዩ፤ መኪናዋ የሳቸው አይደለችም።»

ይኸው አልኳት። እንደተቀበልኳት፣ ምንም ሳልጨምር።

«አቤት! ፊታቸውን እዩልኝ!» አለ ኃላፊው በሩ ላይ ላሉት። «ኮስተር ብለው እኮ ነው! ጋስኬቱን የሸጥኩት እኔ ነኝ!» በሳቅ ወንበሩ ላይ ተለጠጠ። ደግሜ ነገርኩት። ይበልጥ ሳቀ። በእግዚአብሔር ስም ማልኩ። አንዷ ሠራተኛ ሆዷን ይዛ ወጣች። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው እንዲስቅልኝ ስደክም ኖሬ፣ አንድ ቀን እንዳይስቅ ብለምነው እምቢ አለኝ።

በመጨረሻ ኃላፊው ዓይኑን ጠርጎ «በቃ፣ ለእርስዎ ስንል ቅጣቱን በይቅርታ እናልፈዋለን» አለና ታርጋውን ከመደርደሪያ አስመጣልኝ።

እዚያች ላይ «ይቅርታ አይደለም የምንፈልገው፣ ስህተቱ ይታረም» ማለት ነበረብኝ። ኮምፒውተሩ ፊቱ ላይ በርቷል። ፎቶው እዚያው ውስጥ ነው። እኔ ግን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ። በዚህም አልበቃኝ። በሩ ጋ ስደርስ ኃላፊው «አንዲት መሰናበቻ እንኳ ጣል ያድርጉልን እንጂ!» ሲለኝ፣ ታርጋውን ወደ ላይ አንስቼ «እኔ ይህን ይዤ ቀደም ልበል፤ መኪናዋ ራሷ ታውቃለች፣ ተከትላኝ ትመጣለች!» አልኩ። ጣሪያው እስኪነሳ ሳቁ። ይህን የጻፍኩት እንድትስቁ አይደለም። ሳቁ እስከ ኮሪደሩ ተሰምቷል።

ጋሼ ከአግዳሚው ተነስተው ጠበቁኝ። ታርጋውን ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም።

«ፎቶውን አዩት?»

«ታርጋውን ሰጡን ጋሼ።»

«ፎቶውን አዩት ወይ?»

«አላዩትም። በይቅርታ አለፉት።»

«ምን አድርጌ?»

ጋሼ ያን ጊዜ ታርጋውን ከእጄ ወሰዱና የኃላፊውን በር አንኳኩተው ገቡ። በሩ ተዘጋ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ፤ ጆሮዬን በሩ ላይ ልለጥፍ ምንም አልቀረኝም። አሁን ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። በእርግጥም መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ የታርጋው ቆርቆሮ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። ከዚያ ምንም።

ሲወጡ እጃቸው ባዶ ነበር።

«ከዚያ ተዉት?» አልኩ ደንግጬ።

«ይቅርታችሁን መልሱ፣ ፎቶውን ስታዩ እወስዳለሁ አልኳቸው። የሚያየው ሰው መስክ ላይ ነው አሉ። ሲመለስ ያያል።»

«እስከዚያ ምን ይሠራሉ?»

«እጠብቃለሁ» አሉኝ።

ጠበቁም። ሚኒባሷ ደጃቸው ላይ ቆማ አቧራ ስትለብስ፣ እሳቸው ሲወለውሏት፣ እንደገና ስትለብስ በየጠዋቱ ሱቄን ስከፍት አየኋት። በዚያ መሃል የሚስታቸው የጎመን መደብ ነበር ቤቱን የያዘው። እኔ ዘይት ልላክ? ጤፍ ልላክ? ብዬ አሰብኩና ምን ብለው እንደሚመልሱት ስለማውቅ ተውኩት። በመጨረሻ ሰውየው ከመስክ ተመለሰ፣ ፎቶው ተከፈተ። የጭነት መኪና ነበረች! ሚኒባስ እንኳ አይደለችም፤ የሌላ ክልል መኪና ናት። ታርጋው ተመለሰ፣ ቅጣቱ ተሠረዘ። ይቅርታ የጠየቃቸው የለም። እሳቸውም ይቅርታ ጠይቁኝ አላሉም። ታርጋውን በራሳቸው ካቻቪቴ ሲያስሩ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ብሎኑን እንድይዝላቸው እንኳ አልሰጡኝም፤ በጥርሳቸው ያዙት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ በወደድኩ። ግን የካሜራው ስህተት ሲታረም የኔን የሚያርመው አልተገኘም። መናኸሪያ ውስጥ ተራ አስከባሪዎቹ ያቺን ሚኒባስ ስም አውጥተውላታል። ባለፈው ሳምንት ይርጋለም ለቅሶ መድረስ ነበረብኝና ስሄድ በጆሮዬ ሰማሁ። «ይርጋለም! ይርጋለም! በሞተር አልባው! ሁለት ሰው የቀረው!» አንድ ሽማግሌ፣ በቤተ ክርስቲያን ወንበር ያለው ሰው፣ በየጠዋቱ በዚህ ይጠራል።

የቀረው ቦታ ጋቢና ብቻ ስለነበር ከጋሼ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሰላም አሉኝ። ከኋላችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። አንዱ አወቀኝ መሰለኝ፣ ትከሻዬን ነካ አደረገ።

«ፋዘር፣ ያቺን የሞተር አልባዋን ታሪክ የሚያወሩት እርስዎ ነዎት አይደል? እስቲ ይንገሩን።»

ጋሼ ከመሪው ላይ ዞር ብለው አዩኝ።

«መኪናዋ የሳቸው አልነበረችም» አልኩ። «ፎቶውን አይተውታል።»

ልጆቹ ጠበቁ።

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያ የለም።»

«ሙድ የላቸውም እኮ ሰውዬው» ሲል ሰማሁት ጓደኛውን።

ጋሼ ቁልፉን አዞሩ። በዚህ ዓይነት ሚኒባስ ሞተሩ ያለው ከጋቢናው ወንበር ሥር ነው። መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይሞቃል፣ ግማሽ መንገድ ሳይደረስ ደግሞ ምጣድ ይሆናል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ተነስቼ «ኧረ ጋሼ፣ ጥብስ አደረጉኝ!» እላለሁ፣ መኪናው ሙሉ ይስቃል። እስከ ይርጋለም ድረስ አፌን ዘግቼ፣ የለም ያልኩት ሞተር ላይ ተቀምጬ ሄድኩ።